ስለ ሦስት ቁጥር ክፍል ቀዳዳ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ሚጢ ያለችበት ሕንፃ አሳንሰር አለው ስለተባለ፣ ጉልበትሽ የሚያማርርበት ደረጃ አጥቶ ዝም ብሎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትሽንስ ትውጫለሽ ወይስ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ ታሳልፊዋለሽ? አራሷ ሚጢስ እንዴት ናት? ትበላለች? ሕፃኑስ ይጠባል? ይተኛል? እምብርቱ ደረቀለት? አማቻችንስ አንዳንዴ እንኳ ተቀብሎሽ ያቅፈዋል ወይስ ልጁ ከአንቺ ክንድ ላይ ወርዶ አያውቅም?

እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፤ ወገቡን ያመዋል፤ ስጠይቀው ግን አላመመኝም ይላል። አብሳያችንም ደህና ናት፤ ድምፅዋ እስከ በር ይሰማል። የእንግዳ ማረፊያችን ግን ተዘግቶ ሰንብቶ ከትናንት ወዲያ ነው የተከፈተው። ይህን አልነገርንሽም። ለምን እንደተዘጋ ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ስለዚህ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። የሞተ ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አለዚያ እየዘለልሽ መጨረሻውን ታነቢያለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ሞክሬ ነበር። አንዴ «ሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ» ብዬ ስጀምር ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለእንግዳችን አወጣችሁላቸው ወይ ብለሽ አቋረጥሽኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገና ሳልጀምር ስልኩን ሕፃኑ ጆሮ ላይ ለጠፍሽው፤ ለእሱ የሚነገር ነገር አልነበረኝም። በዚያ ላይ ስልክ ስደውል አባባ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል። አባባ ይህ ነገር ጆሮሽ እንዳይገባ ምሏል፤ እኛንም ሊያስምለን ሰብስቦን ነበር። አብሳያችን ማለች። እኔ አልማልኩም፤ ተራዬ ሲደርስ ሳህን ላነሳ ወጣሁ።

ነገሩ የአንድ ቀዳዳ ነገር ነው።

የጋዝ ውሃ ማሞቂያ በየመታጠቢያ ቤቱ ስናስገባ፣ የጋዝ ሠራተኛው በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ በላይ ቀዳዳ በስቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንቺ ያን ዕለት ደም ስርሽ ተገታትሮ ነበር። ግድግዳ ለሚሠራ ከፍዬ ግድግዳ ለሚበሳ ደግሞ ልከፍል ነው ወይ ብለሽ አባባን ጠየቅሽው። የጋዝ ሠራተኛው ሻይ ይዞ ቆሞ፣ እናቴ ይቺ ቀዳዳ እንዳትነካ፣ ማሞቂያው አየር የሚያገኘው በእሷ ነው አለሽ። «እሺ ልጄ» አልሽው። እሺታሽ ሐኪም ጨው ቀንሺ ሲልሽ እንደምትይው ዓይነት እሺታ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

አንቺን ስለማውቅ ነው ይህን የምልሽ። አንቺ ዘንድ የዓለም በሽታ ሁሉ የሚገባው በቀዳዳ ነው። በሕፃንነታችን አውቶቡስ ስንሳፈር መጀመሪያ የምታደርጊው መስኮት መዝጋት ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ አንቺ እፎይ ብለሽ ትቀመጪያለሽ። ገላውን የታጠበ ሰው ንፋስ ካገኘው አለቀለት ብለሽ እኔንና ሚጢን በፎጣ ጠቅልለሽ ከነእርጥባችን ታሯሩጪን ነበር። በዚህ ሁሉ ስንስቅ ነው ያደግነው።

አሁን ወደ እንግዳው ልምጣ። አቶ በረደኝ እንዴት ናቸው እያልሽ በደወልሽ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ፤ እኔም «ደህና ናቸው» እልሻለሁ። የሚጢ የታች ፎቅ ጎረቤት፣ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ እኛንም ያወቁት በእሷ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ወፍ ማየት ነው። በየዓመቱ አንገታቸው ላይ መነጽር አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ወፎቹ ሳይሰለቹዋቸው አይቀርም። ከቋንቋችን የያዙት ቃል «በረደኝ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቃል በኋላ አንቺ ትኩስ ውሃ በላስቲክ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ሌላ ሻይ፣ ሌላ ብርድ ልብስ ይዘሽ ስለምትደርሺ ሌላ ቃል መማር አላስፈለጋቸውም። ስሙንም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ የሚመጡት አንቺ ወደ ሚጢ ከሄድሽ በኋላ መሆኑን ስትሰሚ ጉዞሽን ለማዘግየት ዳድቶሽ ነበር። አባባ አራስ አይጠብቅም ሲልሽ ነው የተስማማሽው።

ከመሄድሽ በፊት ሦስት ቁጥር ክፍልን በራሴ እጅ ነው የማሰናዳላቸው አልሽ። ከምሳ በኋላ የመርፌ ሳጥንሽን ይዘሽ ገባሽ፤ ማንም አይረብሸኝ ብለሽ በሩን ዘጋሽው። መጋረጃ እየጠለፍሽ መስሎን ነበር። ስትወጪ ጣትሽ ላይ ነጭ ቀለም አየሁ፤ የመስኮቱን ጠርዝ አድሰሽ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አቶ በረደኝ ከመጡ ጥቂት ቀን እንደሆናቸው አመሻሽ ላይ ከወፍ ሲመለሱ ዝናብ አግኝቷቸው በስብሰው ገቡ። ገና ከበሩ «በረደኝ» አሉ። ውሃው ሙቅ ነው፣ ይታጠቡ አልኳቸው። እኔው ነኝ ታጠቡ ያልኳቸው። ገቡና ውሃው መውረድ ጀመረ።

አብሳያችን የውሃ ነገር እንደማይሆንላት ታውቂያለሽ። አንድ ቧንቧ ከልኩ በላይ ከፈሰሰ ከገዛ ደም ስሯ የሚወርድ ይመስላታል። ምነው አልቆመም፣ ምነው አልቆመም እያለች ማማሰያዋን እንደያዘች ሄደች። የሄደችው ይበቃል ልትላቸው ነው እንጂ ሌላ ነገር ጠርጥራ አይደለም። አንኳኳች። መልስ የለም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የእሷን ከፍ ያለ ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። አባባን ጠራችው።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ያ አንቺ መርጠሽ ያስገጠምሽው ወፍራም በር ነው። አባባ በትከሻው ገፋው፣ እኔም ገፋሁ፤ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አባባ ከጓሮ ዲጂኖ አምጥቶ መቀርቀሪያውን ገነጠለው። አቶ በረደኝ ፎጣቸውን አገልድመው ግድግዳ ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ዘንበል ብሏል። ፊታቸው ደም የመሰለ ቀይ ነበር፤ አብሳያችን ሞቋቸው ነው አለች። ማሞቂያው አሁንም ይነድዳል፣ ክፍሉ በእንፋሎት ተሞልቷል። በብብታቸው ይዘን እየጎተትን ወደ ግቢው አወጣናቸው። አባባን ራሱን አዞረውና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

በጣም ፈርቼ ነበር፣ እማዬ። ሞተዋል ብዬ ነበር። ከዚያ አስመለሳቸውና ዓይናቸውን ገለጡ፤ እኔም አለቀስኩ። ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ገና ሲያያቸው ቤታችሁ ከሰል ነው ወይስ ጋዝ ብሎ ጠየቀን። ጋዝ ነው አልኩት። ኦክስጅን አደረገላቸውና ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

በማግስቱ የጋዝ ሠራተኛውን ጠርተን ጮህንበት። አባባ አንተ ሰው ገዳይ አለው። ሰውዬው ቀጥ ብሎ መታጠቢያ ቤቱ ገባና ወረቀት ለኩሶ ከመስኮቱ በላይ ዘረጋው። ጭሱ ወደ ውጭ አልተሳበም፣ ወደ ውስጥም አልተገፋም፤ እዚያው ተንሳፈፈ። ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ጠፋ። ቢላዋ አምጡልኝ አለን።

እማዬ፣ የሠራሽው ሥራ ያምራል። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወፍራም አቡጀዲ በካርቶን ላይ ወጥረሽ፣ ጠርዙን በጥቃቅን ስፌት ዙሪያውን ይዘሽ፣ ላዩን በተረፈው የግድግዳ ቀለም ቀብተሽዋል። ያንን ግድግዳ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ የምወለውለው እኔ ነበርኩ፤ ቀዳዳው የት እንደነበር እንኳ ረስቼው ነበር። ከኋላው ደግሞ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ፣ የአባባ የሱፍ ካልሲ፣ የዚያ የድሮ ካፖርትሽ ገበር ተጠቅጥቋል። የጋዝ ሠራተኛው አንድ በአንድ እየመዘዘ ወለሉ ላይ ደረደረው። ይህንን የሠራው ሰው የተካነ ነው አለ፤ ሲናገር ግን ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ዞሮ አየ። እዚያ ምንም አልነበረም። የተደፈነው የእሳቸው ብቻ ነው።

ማነው የደፈነው ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ አባባ።

አብሳያችንና እኔ ተያየን። አባባ አንዴ የሸሚዙን ቁልፍ ሲተክል እጅጌውን ከደረቱ ጋር አብሮ የሰፋ ሰው ነው። የጋዝ ሠራተኛውም የአባባን ጣቶች አይቶ ቢላዋውን መለሰልኝ። ለጮህንበት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሻይ አፈላንለት፣ አልጠጣም።

ከዚያ አባባ የተሰፋውን ጨርቅ ይዞ ወደ ክሊኒኩ ሄደ፤ እኔንም ለአስተርጓሚነት ወሰደኝ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይበርድዎት ብዬ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው። እኔም ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ቃል በቃል ተረጎምኩት። አቶ በረደኝ እጁን ያዙት። ጨርቁን አገላብጠው አዩና እንዲህ አድርጎ መስፋት የት ተማርክ ብለው ጠየቁት። «ሚስቴ ናት ያስተማረችኝ» አለ። እሳቸውም ጨርሶ አልተቀየምኩም አሉ፤ ይህንንም ተረጎምኩለት።

ከቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣች። ላስቲክ ጫማ ያደረገች፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን ነገር የምታሸት ሴት ናት። ማረፊያውን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። እሳት ማጥፊያው የወጥ ቤቱን በር ደግፎ እንዳይዘጋ ሲያደርግ አገኘችው፤ ዕድሜውም አልፎበታል። ጭስ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያ በላስቲክ ከረጢት ታስሯል፤ አብሳያችን ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ይሰድበኛል ብላ ነው ያሰረችው። የጋዝ ሲሊንደሩን አበባ ያለበት ቀሚስ አልብሰሽው ነበርና ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እንዳያስጠላ ነው አልናት። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ስትከፍት ቁልፍ፣ ክርና መርፌ ብቻ ነው ያገኘችው፤ ፋሻውን የት እንዳደረስሽው እግዜር ይወቅ። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ይውጣ፣ መቀርቀሪያዎቹ ከውጭም የሚከፈቱ ይሁኑ፣ መታጠቢያ ቤቱ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፍ፣ መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኽ መሣሪያ ይገጠም፣ እስከዚያ እንግዳ አይግባ ብላ ዘጋችን። አባባን ጽሕፈት ቤቱ ድረስ አስጠርተው ወቀሱት፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አምኖ ፈረመ። ሲመለስ ዳቦ ገዝቶ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ዳቦም ገዝቶ ነበር።

አሁን የደህንነት ኃላፊዋ እኔ ነኝ። አባባ «ኢንስፔክተሯ» ብሎ ይጠራኛል። በየጠዋቱ ቀጭን ወረቀት ይዤ ቀዳዳ ለቀዳዳ እዞራለሁ፤ ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ አየሩ ይሄዳል ማለት ነው። አብሳያችን እንደ በሽተኛ ጠያቂ ቀዳዳ ስትጠይቂ ዋልሽ ትለኛለች። መሣሪያውን ከከረጢት ከፈታሁት ወዲህ ሽንኩርት የምታቁላላው ደጅ ወጥታ ነው፤ ስታልፍ ቀና ብላ ታየውና ትገላምጠዋለች። ሥራው ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሰው ሁሉ ለመልካም ብሎ ያደረገውን ነገር ተከትሎ መንቀል ነው።

ይህን ሁሉ አባባ እንዳለው ከአንቺ ደብቀን መኖር ይቻል ነበር። ስትመጪ ቀዳዳው ተከፍቷል፣ ለምን ተከፈተ ብትይ ሕግ ወጣ እንልሻለን፣ አለቀ። እኔም እንደዚያ ነበር የወሰንኩት። ባለፈው እሁድ ግን ሚጢ ደወለች። እማዬ ከመጣች ወዲህ ቤቱ እንዴት እንደሞቀ ብታዪ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሲነፍስብኝ የነበረው ቀዳዳ ነበረ አይደል፣ ደፈነችልኝ፣ ስፌቷ ደግሞ እንዴት እንዳማረ ብላ አጫወተችኝ።

አሁኑኑ ስልኩን አስቀምጪና ጋዙን ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ሕፃኑን ይዘሽ ውጪ አልኳት። ሳትጠይቅ አደረገችው። ተመልሳ ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት፤ አብረን አለቀስን። ያን ዕለት ጨርቁን አወጣችው። ስትተኛ አንቺ መልሰሽ ሰፋሽው። ከእንቅልፏ ስትነሳ የሕንፃው ደንብ ነው ብላ ድጋሚ ስታወጣው ደግሞ «ሕንፃው ልጅ የለውም» አልሻት አሉ። እውነትሽን ነው፣ የለውም። አሁን ጋዙን ዘግታ ማሞቂያው ተበላሽቷል ብላሻለች። አልተበላሸም። የሕፃኑን ውሃ በኤሌክትሪክ ምድጃ እያፈላች ነው የምታጥበው፤ አንቺ ደግሞ በማታውቂው ቋንቋ ከጎረቤት ጎረቤት ጠጋኝ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ብርዱ እየባሰ ነው። አንድ ቀን ጠጋኝ ታገኛለሽ፤ እሱም ጋዙን ይከፍተዋል።

ለምን ራስሽ አትነግሪያትም አልኳት ሚጢን። እማዬ ይህን ከሰማች ሕፃኑን አስቀምጣ ዳግም አትነካውም፣ አውቃታለሁ፣ እኔ ደግሞ ያለ እሷ አልችልም አለችኝ። እኔም ያንን እፈራለሁ። ግን ከዚያ ይበልጥ የምፈራው ያንን ጨርቅ ነው። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ተቆጥቼሽ ነበር። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቢሞቱስ እያልኩ ያቺን መርፌሽን ጠልቻታለሁ። የጋዝ ሠራተኛው አትንኩት ብሎ እየነገረሽ ለምን አልሰማሽም? የእኛን ቃል ሁሉ የምትሰሚው ሰውን ላለማሳዘን ነው፤ ከዚያ ያሻሽን ታደርጊያለሽ። ይህ ጠባይሽ በማንኪያና በመጋረጃ ላይ ሲሆን እንስቃለን፤ በእሳት ላይ ሲሆን ግን ሰው ይገድላል። ይህን ለእናት መጻፍ ደስ አይልም፤ ጽፌዋለሁ።

አሁን ደግሞ እንደ ኃላፊነቴ ላስረዳሽ። ከሰል አታውቂም አልልሽም። ከሰል አቀጣጥሎ በር የዘጋ ሰው ስታይ ስንቱን ጮኸሽ አድነሻል። ልጆች ሆነን የብረት ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ብናስገባ ቆመሽ አታስተኚንም ነበር። ጋዝም ያው ነው፤ እሳት ነው፤ ንጹሕ አየር ካጣ መርዝ ይተፋል። ልዩነቱ አይጨስም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ስለዚህ አላወቅሽውም። የተደፈነ ክፍል ሙቀት ብቻ ያለው የሚመስልሽ ለዚያ ነው። ሕፃኑ እንዳይበርደው ከፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ፦ ፎጣውን አስቀድመሽ አሙቂው፣ በቀትር እጠቢው፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ በሳፋ እጠቢው፣ ኮፍያ አድርጊለት፣ አንቺ እንደምታውቂበት ጠቅልይው። ንፋሱን ከልጁ ከልክይው እንጂ ከማሞቂያው አትከልክይው። ሚጢም እንደ እኛው ያን የሚጮኸውን መሣሪያ ገዝታለች፤ ግድግዳው ላይ ስታዪው ቀሚስ አታልብሺው፣ አደራ።

አባባ ይህን ነገር መጻፌን አያውቅም። ከግድግዳው የወጣውን ጨርቅ ልጥለው ብል ከለከለኝ። ራሱ አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ አጣጥፎ ከአንቺ ልብሶች ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ምን ይሠራልሃል ስለው «ሥራዋ ነው» አለኝ። ካልሲውን ብቻ አውጥቶ አድርጎታል፤ ሌላኛው እግር ስለጠፋ በአንዱ ነው የሚዞረው።

ስትመለሺ ሦስት ቁጥርን እንደገና አንቺው ታሰናጂዋለሽ። እኔ በወረቀቴ ከኋላሽ እዞራለሁ፤ አትቆጪኝም። ቁልፍና ክርሽን ከእርዳታ ሳጥኑ አውጥቼ ሌላ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ የፋሻውን ቦታ ለፋሻ ተዪለት።

እንግዲህ ሰላምታ። ለሚጢ፣ ቀን ቀን ትተኛ፣ ሾርባዋን ትጠጣ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ደጋግመሽ ንገሪልኝ። ለአማቻችን ሰላም በይልኝ፤ ልጁን ተቀብሎ ያሳርፍሽ። ሕፃኑን እግሩን ሳሚልኝ። አባባ፣ በደወልኩ ቁጥር እንደሚለው፣ «ሰላም በያት፣ ቶሎ ትምጣ» ብሏል፤ ይህ ደብዳቤ የሰላምታ ብቻ መስሎታል። አብሳያችን ውሃውን እየጠበቅኩልሽ ነው ትልሻለች። የጋዝ ሠራተኛውም ሰላም ብሎሻል፤ ትናንት መጥቶ ሻይ ጠጣ።

አንድ ሰው ቀረኝ። ይህን ደብዳቤ ያመጡልሽ ራሳቸው አቶ በረደኝ ናቸው። ሐኪሙ መብረር ይችላሉ ስላላቸው ነገ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ለሚጢ የሚላክ ካለ ስጪኝ ሲሉኝ ይህን ሰጠኋቸው። ውስጡ ያለውን አያውቁም፤ ቢከፍቱትም አያነቡትም። ይህን ስታነቢ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው ሻይ እየጠበቁ ይሆናል። ቀና በይና እያቸው። ደህና ናቸው፤ ትንሽ ከስተዋል። ቀዳዳውን የደፈነው አባባ ነው ብለው ያምናሉ፤ ይቅርም ብለውታል። እውነቱን ልትነግሪያቸው ከፈለግሽ ሚጢ ትተረጉምልሻለች፤ ካልፈለግሽም አባባ አይጠይቅሽም፣ እኔም አልጠይቅሽም። ይህን ለአንቺ ትቼዋለሁ። ሌላውን ግን አልተውልሽም። ሻዩን ከመቅዳትሽ በፊት ተነሺና መታጠቢያ ቤቱን እዪ፤ መልሰሽ ሰፍተሽው ከሆነ፣ ሌላ ሰው ቢያወጣው ትመልሺዋለሽና፣ በራስሽ እጅ ፍቺው። ከዚያ እጅሽን ታጠቢና ሕፃኑን እቀፊው።

ልጅሽ

ከማረፊያችን፣ ከመቀበያው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፱